እናትን ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ሙከራ እንዴት እናዘጋጅ?

እናቴን ከደሴ አሜሪካ እህቴ ጋ ይዣት ሄጄ ነበር። እዚያ ለጀማሪ አልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) መድኃኒት ሙከራ ታጨች። በእኔ ስህተት ሳትገባ ቀረች።

መጀመሪያ የሕመሙ ምርመራ ይጠናቀቅ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ታይሮይድና ድብርትም ያስረሳሉ።

ዋናው ነገር የእናንተ ቃል ነው። ሙከራው አብሯት የሚውል ሰው ይፈልጋል፤ ስለ ውሎዋ የሚጠየቀውም እሱ ነው። እኔን ሲጠይቁኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። አፌ አልደፈረም። «ደህና ናት፣ እርጅና ነው» አልኩ። ደሴ ሳለን አቦሉን አጠጥታን ቶናውን ስትቀዳ «በሉ አቦል ጠጡ» ትለን ነበር። ጎረቤት እንዳታፍር ብሎ ዝም ይላል። ይህን ደበቅኩ። «ለሙከራው የሚያበቃ ምልክት የላትም» ተባልን። በዓመቱ ስንመለስ ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ አልፋዋለች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለብቻችሁ እንዲያነጋግሯችሁ ጠይቁ። ከወር በፊት ጀምራችሁ ደብተር ያዙ። ስልክ ላይ አትጻፉት፤ ደብተር ከሆነ ቤት ያለ ሁሉ ይጽፍበታል። «ትረሳለች» ብቻ አይበቃም። «ሰኞ ገበያ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች፣ ለምን እንደወጣች ጠፍቷታል» ብላችሁ ጻፉ።

አስተርጓሚው አገራችንን የሚያውቅ ይሁን። በማስታወስ ፈተናው ዓመቱን ሲጠይቋት 2015 አለች። እነሱ 2023 ነበር የጠበቁት። ልክ ነበረች! «ሰዓት በወረቀት ላይ ይሳሉ» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ የእነሱ ዘጠኝ የእኛ ሦስት ነው። ፈተናው ሳይጀመር ተናገሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት ስንቱ ሰው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ፈሳሽ እንደሚሰጠው ጠይቁ። ሌካኔማብ በተባለው የጀማሪ አልዛይመር መድኃኒት ሙከራ 1,795 ሰዎች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ያንን ነው የወሰዱት። መድኃኒቱ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ አዘገመ። የጠፋውን ትዝታ ግን አይመልስም። ከ100 ሰው ወደ 13 የሚጠጉት ላይ የአንጎል እብጠት ታይቷል፣ መድማትም አለ። ስለዚህ የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል ምርመራ) ቀጠሮ አይታለፍ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መድኃኒቱን ጀምራ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ድንገት ግራ ከተጋባች፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ።