ልጃችሁ እባብ ግዙልኝ ካለ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ "እባብ ካልገዛችሁልኝ" ብሎ ከያዛችሁ ቶሎ አታማትቡ። እዚያ የተለመደ ነገር ነው።

እኔ ብጠየቅ ኮርን ስኔክ የሚባለውን የእባብ ዓይነት እላለሁ። መርዝ የለውም። አድጎ ሲጨርስ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በእጅ መያዝንም ይለምዳል። ቦል ፓይተን የሚባለው ሌላው ዓይነትም ረጋ ያለ ነው፤ ግን አንዳንዴ "አልበላም" ብሎ ለሳምንታት፣ ሲብስም ለወራት ያኮርፋል። ለጀማሪ ቤተሰብ ጭንቀት ነው።

ከዱር የተያዘ አትግዙ፤ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። ሰው ዘንድ ተፈልፍሎ ያደገውን ምረጡ። ሻጩ ፊታችሁ እንዲያበላውም ጠይቁ። ከበረዶ የቀለጠ የሞተ አይጥ የሚበላ ከሆነ ግማሹ ሥራ አለቀ። (አዎ፣ አይጡ የሚቀመጠው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ!)

እባቡ የሚኖርበት ሳጥን ክዳን በደንብ የሚቆለፍ ይሁን፤ ኮርን ስኔክ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ማምለጥ ይችልበታል። የሳጥኑን ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አትሰኩ፣ እባቡን ያቃጥለዋል።

እባብ ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ የተባለ ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ግን ለጊዜው ይቅርባችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የኪራይ ውላችሁንና የግዛታችሁን ሕግ እዩ፤ ሃዋይ ውስጥ ለምሳሌ እባብ ማሳደግ ጭራሽ ክልክል ነው። ደግሞም ኮርን ስኔክ እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ማን እንደሚያበላው ካሁኑ ተነጋገሩ።