አዲስ ፒክአፕ ከመግዛት በፊት፦ የኤሌክትሪክ ጊታር ማስተካከያ

ጊታሩ ድምፁ ሲደበዝዝ ወይም ክሩ ጣት ሲያደክም ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ መርገብገቡን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል) መቀየርን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ በካቻቢቴና በብሩጎላ የሚስተካከል ነው፦ አንገቱ ከመጠን በላይ ሰርጉዷል፣ ክሩ ከፍ ብሏል፣ ወይም ፒክአፑ ከክሩ ሥር ተለጥፏል። እነዚህ የተያያዙ ናቸው። አንገቱ ሲነካ የክሩ ከፍታ ይለወጣል፤ ከፍታው ሲለወጥ ኢንቶኔሽኑ (በየፍሬቱ የሚሰማው ድምፅ ትክክለኛነት) ይዛነፋል፤ ክሩ ከፒክአፑ ያለው ርቀትም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፦ ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ ኢንቶኔሽን፣ በመጨረሻ ፒክአፕ።

በአዲስ ክር ጀምሩ። ያረጀ ክር ቆሻሻና ላብ ስለያዘ፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከለው አግዳሚ ብረት) ላይ የሚያርፍበት ቦታም ስለተጎዳ ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይደለም፤ ምንም ቢደረግ በትክክል አይቃኝም። የክሩን ውፍረትም አሁኑኑ ወስኑ። ከ9–42 ወደ 10–46 (የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች) ከተሻገራችሁ አንገቱን የሚስበው ኃይል ስለሚጨምር ሌላው ልኬት ሁሉ ይለወጣል። አዲሱን ክር በእጅ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ፣ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግማችሁ ቃኙ። የምትቃኙትም ዘወትር በምትጫወቱበት ቅኝት ይሁን። ስትለኩ ጊታሩን እንደምትጫወቱበት አድርጋችሁ ያዙት፤ ጠረጴዛ ላይ ጀርባውን ሲተኛ ልኬቱ ትንሽ ይለያል።

አንገት

የሚርገበገብ ክር ሰፊውን ቦታ የሚፈልገው መሀሉ ላይ ስለሆነ አንገቱ ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። በክሩ በኩል መሀሉ ጥቂት ስርጉድ ይበል። ጊታር ሠሪዎች ይህን ሪሊፍ ይሉታል። ለመለካት 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) እሰሩ፣ 6ኛውን፣ ማለትም ወፍራሙን፣ ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑ፣ ከዚያ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በፍሬቱና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ፣ ተራ የማተሚያ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወፍር፣ ሁለት ወረቀት ደርባችሁ አስገቡ፤ ክሩን ሳያነሳ ነካ አድርጎ ካለፈ ደርሳችኋል።

ትረስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ብረት) ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ስርጉዱም ይቀንሳል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፣ ስርጉዱም ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። ካዞራችሁ በኋላ እንደገና ቃኙ፣ እንጨቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ። ልኩ ያልሆነ ብሩጎላ ቀዳዳውን ያሾልቀዋል፤ የሾለቀውን ማስጠገን ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። አልዞር ብሎ ከጠነከረ በጉልበት አትግፉት፣ ለባለሙያ ስጡት። ደጋግሞ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ክሩን ዝቅ ለማድረግ ትረስ ሮድ ማጥበቅ ነው። ትረስ ሮድ የአንገትን ቅርጽ ይገዛል እንጂ የክር ከፍታ ማስተካከያ አይደለም። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ብቻ ክሩ «ዝዝ» ካለ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች ከሆነ ክሩ ወርዷል፣ ወይም አንድ ፍሬት ከሌሎቹ ከፍ ብሏል።

ነቱንም (በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበትን ቁራጭ) በዚሁ እዩት። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ የሚታይ የማይታይ ያህል ጠባብ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ባዶው ክር በትክክል ተቃኝቶ ሳለ 1ኛው ፍሬት ላይ ያሉት ኮርዶች ወደ ላይ እየወጡ ይጎረብጣሉ። ቦዩን መሞረድ ግን ልዩ ሞረድና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ አንዴ ከጠለቀ መመለሻ የለውም። እናንተ የምትችሉት ሌላ ነገር አለ፦ ስትቃኙ ክሩ «ጢቅ» እያለ የሚዘል ከሆነ በቦዩ ውስጥ እርሳስ አሹበት።

የክር ከፍታና ኢንቶኔሽን

12ኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር፣ 1ኛው (ቀጭኑ) ክር 1.5፣ 6ኛው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነው ቢጀመር ለብዙ እጅ ይስማማል። የመሀሎቹ ክሮች የአንገቱን ክብነት ይከተሉ። ለስላሳ እጅ ያለው ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ጠንክሮ የሚመታ ከፍ ያድርግ። ከመጨረሳችሁ በፊት ቀጫጭኖቹን ክሮች ከ12ኛው ፍሬት በላይ ወደ ጎን ሳቡ። ድምፁ መሀል ላይ ከታነቀ ክሩ ዝቅ ብሏል። ይህ በተለይ የአንገታቸው ፊት ክብ በሆነ ጊታሮች ላይ ይበዛል።

ወደ ኢንቶኔሽን ከመግባታችሁ በፊት ፒክአፖቹን ሁሉ ሁለት ሦስት ዙር ዝቅ አድርጉ። ማግኔቱ ክሩን ከሳበው ቲዩነሩ (መቃኛ መሣሪያው) የሚያሳየው ውሸት ይሆናል። ከዚያ 12ኛውን ፍሬት በተለመደው ጉልበታችሁ ተጭናችሁ ምቱና እዚያው ፍሬት ላይ ከሚሰጠው ሃርሞኒክ (ክሩ ሳይጫን በስሱ ተነክቶ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ) ጋር አነጻጽሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቁራጭ) ከአንገቱ አርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡት። በእያንዳንዱ ለውጥ መጀመሪያ ክሩን አላሉ፣ ከዚያ ሳድሉን አንቀሳቅሱ፣ እንደገና ቃኙ። ባለ ስፕሪንግ ብሪጅ (ሳድሎቹን የተሸከመው ክፍል) ላይ አንዱን ክር መንካት ሌሎቹን ስለሚያዛንፍ ዙሩን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ነው።

ፒክአፕ

ጣዕሙ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ሲቀርብ ድምፁ ይጎላል፣ ይከብዳል፤ ሲርቅ ይለዝባል፣ ይጠራል። ከልክ በላይ ሲቀርብ ግን ማግኔቱ የክሩን መርገብገብ ያውካል። ይህን በጆሮ ለመለየት የአንገቱን ፒክአፕ ምረጡ፣ 6ኛውን ክር ከ12ኛው ፍሬት በላይ ተጭናችሁ ምቱና ድምፁ እስኪያልቅ አዳምጡ። ሁለት ድምፅ እንደተጋጨ እየተወዛወዘ፣ የቲዩነሩም መርፌ አልረጋ ካለ፣ ድምፁም ቶሎ ከሞተ፣ ፒክአፑ ቀርቧል። ውዝዋዜው እስኪጠፋ ድረስ በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ያለውን ብሎን ግማሽ ግማሽ ዙር እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ላይ ይህ የሚብሰው ከክሩ ሥር የሚታዩት ምሰሶዎች ራሳቸው ማግኔት ስለሆኑ ነው። በተለመደው ሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ግን ማግኔቱ ከሥር ተኝቷል፣ ላይ የሚታየው ብረት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀረብ ማለት ይችላል።

ለመነሻ ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከፒክአፑ ምሰሶ እስከ ክሩ ሥር ያለውን ርቀት ለኩ። ለሲንግል ኮይል በ6ኛው ክር 2.4፣ በ1ኛው 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ለሀምበከር የአንገቱን 2.4፣ የብሪጁን 1.6 ሚሊ ሜትር። ከዚህ በኋላ ማስመሪያውን አስቀምጡና በጆሮ ሥሩ። አምፕሊፋየሩ ላይ ዲስቶርሽን አታድርጉ፣ የጊታሩን ቮልዩምና ቶን ሙሉ ክፈቱ። መጀመሪያ የአንገቱን ፒክአፕ አስተካክሉ፤ ክሩ እዚያ ላይ ሰፊ ስለሚወዛወዝ በተፈጥሮው ይጎላል። ከዚያ አንድ ኮርድ እየመታችሁ ወደ ብሪጁ ቀያይሩ፣ እኩል እስኪጎላ ድረስም የብሪጁን ከፍ አድርጉ። የብሪጁ ጣራ ደርሶም ካነሰ የአንገቱን አውርዱ እንጂ የብሪጁን ክሩ ላይ አትለጥፉት።

አንድ ክር ብቻ ከጎላ ወይም ከደከመ የሀምበከሩን የዚያን ክር ብሎን በግማሽ ዙር ማውረድ ወይም ማንሳት ይበቃል። በአሮጌ አሠራር ሲንግል ኮይል ላይ 3ኛው ክር ጎልቶ ይወጣል፤ የምሰሶዎቹ ከፍታ የተሠራው 3ኛው ክር ሽቦ የተጠመጠመበት ወፍራም በነበረበት ዘመን ነውና። ምሰሶውን በመዶሻ ወይም በጣት መግፋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ከፀጉር የማይሻል ቀጭኑ ሽቦ በቀጥታ ማግኔቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ምሰሶው ሲንሸራተት ይበጠሳል፣ ፒክአፑም ይሞታል።

ሁሉ ተስተካክሎም ድምፁ ከታፈነ ኬብሉንና ፖቴንሽዮሜትሩን (ቮልዩምና ቶን የሚዞርበትን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ፈትሹ። ረጅም ኬብል የላይኛውን ድምፅ ይበላል። ለሀምበከር የተለመደው 500 ኪሎ ኦም ነው፣ ለሲንግል ኮይል 250፤ ሀምበከር በ250 ከተገጠመ ብርድ ልብስ እንደተደረበበት ይሰማል።

ሲያልቅ ሪሊፉን፣ የ1ኛውንና የ6ኛውን ክር ከፍታ፣ የእያንዳንዱን ፒክአፕ ርቀት እና የክሩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በጊታሩ ቦርሳ ውስጥ አኑሩ። አየሩ ደርቆ ወይም ረጥቦ አንገቱ ሲንቀሳቀስ፣ መጀመሪያ የሚለካው ሪሊፉ ነው፤ እሱ ወደ ተጻፈው ቁጥር ሲመለስ ሌላው ብዙውን ጊዜ አብሮ ይመለሳል።