የልብ ሕመም ያለበት ሰው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዴት ይውሰድ?

ኢንፍሉዌንዛ ተራ ጉንፋን አይደለም። ትኩሳቱ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ብግነቱ በልብ የደም ሥር ውስጥ የተጋገረውን ስብ ሊሰነጥቅና ደም ሊያረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ሕመሙ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰቱ ዕድል 6 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል።

ክትባቱ በየዓመቱ ይወሰዳል፤ አቅሙ የሚጎለብተው ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ለጥምቀት፣ ጥር 11፣ ከሕዝብ መሀል የሚቆም ሰው ታኅሣሥ 25 ሳያልፍ ይከተብ።

ክትባቱን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ወደ ጤና ተቋም የሚወስዱ ከሆነ ቅዝቃዜውን አደራ! ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። በባሕር ዳር ሙቀት በኪስ ይዞ ባጃጅ መሳፈር ያበላሸዋል። በረዶ ያለበት መያዣ ይጠቀሙ፤ ግን በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው ይለዩት። አንዴ በረዶ የሆነ ክትባት ቢቀልጥም አይሰጥም፤ ይጣላል።

መጠኑ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲሆን በላይኛው ክንድ ጡንቻ ይወጋል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፦ ቀጭን መርፌ ያስፈልገዋል፤ ከተወጋ በኋላ ቦታው ሳይታሸ ቢያንስ 2 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። በቁርጥማት የልብ ሕመም ምክንያት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጉም ቀጠሯቸውን አያዛውሩ።

ከተከተቡ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀምጠው ይቆዩ። ክንድ ቢያም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ልቡ የደከመ ሰው ከዳይክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ይራቅ፣ ውኃ በሰውነት ያጠራቅማሉና።