የምግብ ማድረቂያ ማሽን ልትገዙ ካሰባችሁ

ጎጃም ውስጥ በበጋ ፀሐዩ ራሱ ይበቃል፤ የቡሬን በርበሬ ሰሌን ላይ አስጥቶ ማድረቅ ነው። ችግሩ ክረምት ነው፤ የተሰቀለ ቋንጣ ሳይደርቅ ይሻግታል። ለዚያ ማሽን ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ሙቀቱ በዲግሪ የሚስተካከል መሆኑን እዩ። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለውን በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። በሶብላ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ማንጎና ቲማቲም 57 አካባቢ፣ ሥጋ ግን ከ70 ያላነሰ ይፈልጋል። ማራገቢያው ከጀርባ የሆነ ይሻላል፤ ከታች ሲሆን የቲማቲሙ ውኃ እየተንጠባጠበ ይገባበታል፣ ትሪዎቹንም ካላቀያየራችሁ የላይኛው እርጥብ ይቀራል። ዘመድ ከአሜሪካ ከላከላችሁ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ እንዳትሰኩት፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ለ110 ብቻ የተሠራው ይቃጠላል።