ታሞክሲፌንና መሰሎቹን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት መስኮት ተቀምጬ፣ ለጡት ካንሰር የሚታዘዙትን ሆርሞን የሚያግዱና የሚቀንሱ ክኒኖች ማደል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚያበግነኝ ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒቱን ማቆም ነው።

አንዲት እናት የደም ግፊት ክኒን ሊወስዱ መጥተው «ታሞክሲፌኑስ አላለቀም ወይ?» ብላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዝም አሉ። ካቆሙ አራት ወር ሆኗቸው ነበር። ያስቆማቸው እንደ ወላፈን ከደረት ተነሥቶ ፊት የሚለበልብና ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ሙቀት ነው፤ መጀመሪያ ላይ የአዳማ ፀሐይ መስሏቸው እንደ ነበር ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን። ለሐኪማቸው ግን በየቀጠሮው «ደህና ነኝ» ይሉ ነበር። ታሞክሲፌን በአብዛኛው 20 ሚሊግራም በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት የሚታዘዘው ካንሰሩ እንዳያገረሽ ነው፤ ዕጢው ስለ ወጣና የሚያም ነገር ስለሌለ ብቻ ማቆም በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ለሙቀቱ መላ አይጠፋም፦ ስስ የጥጥ ልብስ ደራርቦ መልበስ፣ ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ሲኒውን በረድ አድርጎ መጠጣት፣ ለእራት በርበሬ መቀነስ። ይህ ካልበቃ ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት አለ።

ሐኪሙ ያዝዘው ማለቴ በምክንያት ነው። የድብርት መድኃኒቶች ሙቀቱን እንደሚያበርዱ ሰምተው በራሳቸው የሚገዙ አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ፍሎክሰቲንና ፓሮክሰቲን ግን ጉበት ታሞክሲፌንን ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለውጠው ያውካሉ።

የራሴንም ስህተት ልናገር። ቀኑን ሙሉ ቆመው እህል የሚሸጡ ሴት «ግራ ባቴ አብጧል» ሲሉኝ፣ የቆሙበት ድካም መስሎኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲተኙ መክሬ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን የደም መርጋት ተገኝቶባቸው ሆስፒታል መተኛታቸውን ልጃቸው ነገረችኝ። ታሞክሲፌን ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋቱን ዕድል ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ አንድ ባት ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ሲያጥርና ደረት ሲወጋ ቀጠሮ አይጠበቅም። ካረጡ በኋላ ደም ማየትም፣ ጠብታ እንኳ ቢሆን፣ ማሕፀን የሚያስመረምር ነገር ነው።

የወር አበባ ስለ ቀረ እርግዝና አይመጣም ብለው የሚዘናጉ ወጣት ሴቶችም አሉ፤ ይመጣል፣ መድኃኒቱም ፅንስን ይጎዳል። የሦስት ወሩ መርፌ ራሱ ሆርሞን ስለሆነ ለእነርሱ አይሆንም፤ ኮንዶም ወይም ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይጠይቁ።

ሆርሞን የሚቀንሱትን ክኒኖች፣ አናስትሮዞልን ወይም ሌትሮዞልን፣ የሚወስዱት ደግሞ ጠዋት ጣታቸው ተገትሮ የጄሪካን ክዳን መክፈት ሲያቅታቸው ይተኛሉ። መተኛት ግትርነቱን ያብሳል፤ በየቀኑ መራመድ ግን ያፍታታል። እነዚህ መድኃኒቶች አጥንትን ስለሚያሳሱ ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

በጾም ክኒን መዝለል አያስፈልግም፤ በቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ማታ ይወሰዳል። የተረሳውንም በማግስቱ ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ወንዶቹ ይባስ ዝምተኞች ናቸው። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚወጉት ጎሰሬሊንም ያንኑ ሙቀት ያመጣል፤ አንድ አባት መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሌሊት በላብ ለሚጠመቁት ባለቤታቸው መላ እንድነግራቸው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። በእጃቸው የያዙት የጎሰሬሊን ማዘዣ ግን በራሳቸው ስም የተጻፈ ነበር።