በአዲስ አበባ ገበያዎች ለመዘዋወር

መርካቶን ለማየት የሚሻ ሰው ቅዳሜን በማለዳ ቢመርጥ ይሻላል፤ እሁድ ብዙዎቹ ሱቆች ዝግ ናቸውና። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ይህ ገበያ በ«ተራ»ና በ«በረንዳ» የተከፋፈለ በመሆኑ፣ የሚፈልጉትን ዕቃ አስቀድመው ለይተው የተራውን ስም ከያዙ፣ ከዚያም «በርበሬ በረንዳ በየት በኩል ነው?» ብለው መንገደኛውን ከጠየቁ፣ ያለ ካርታ ይደርሳሉ።

ብዙ ጎብኚ የሚያልፈውን፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረውን ምናለሽ ተራን ሳያዩ አይመለሱ። ያረጀ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሲሆን ማየት ለእጅ ሙያ ያለንን አክብሮት ያድሳል፤ ባለሙያዎቹን ፎቶግራፍ ለማንሳት ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ። በግፊያው መካከል ገንዘብዎንና ስልክዎን በውስጥ ኪስ ይያዙ፤ ሁለት ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁም ዋጋ አይቁረጡ።

የሐበሻ ልብስ የሚፈልጉ ከሆነ ከእንጦጦ ግርጌ ወደምትገኘው ሽሮ ሜዳ ይሂዱ። በጥለቱ ውበት ብቻ ሳይማረኩ ሸማውን ይዳስሱት፣ ጀርባውንም ገልብጠው ይመልከቱ፤ በበዓል ዋዜማ ዋጋው ስለሚንር ሳምንታት ቀድመው ይሂዱ።

ለአትክልትና ለእህል በየክፍለ ከተማው የሚቆመው የእሁድ ገበያ ይበቃል። ማምሻውን ደግሞ በሰፈርዎ ጉሊት ጎራ ይበሉ፤ ሳይሸጥ የዋለው ጎመንና ቲማቲም በዚያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።