ከእርስዎ የሚበልጥ የቼዝ ተጋጣሚ ሲገጥምዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍ ያለ ሬቲንግ (የተጫዋች የጥንካሬ ነጥብ) ካለው ተጫዋች ፊት የተቀመጠ ሰው ዕድሉ ጠባብ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል። ሬቲንግ በሚወጣበት በኢሎ ስሌት መሠረት፣ ድል 1፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ሆኖ፣ በ200 ነጥብ የሚበለጥ ተጫዋች ከአንድ ጨዋታ በአማካይ የሚጠበቅለት ውጤት 0.24 ገደማ ሲሆን፣ ልዩነቱ 400 ሲደርስ ወደ 0.09 ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ያለው ወገን አደጋ መጋፈጡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የትኛውን አደጋ፣ መቼና በምን ዋጋ እንደሚገዛ ባለማመዛዘን ብዙዎች ያቺኑ ጠባብ ዕድል በገዛ እጃቸው ያጠፏታል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ድፍረትን መሣሪያ (የቼዝ ጠጠር) ከመሠዋት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። የተለመደው ምሳሌ በጥቁሩ ንጉሥ ፊት ያለውን የኤች7 ወታደር (ኤች7ና መሰሎቹ የሰሌዳው ካሬዎች መጠሪያ ናቸው) በጳጳስ በልቶ፣ ፈረሱን ወደ ጂ5 ከዚያም ንግሥቲቱን ወደ ኤች5 በማምጣት ማት ለማድረግ መሞከር ነው። የጥቁሩ ፈረስ ኤፍ6 ላይ ቆሞ ከሆነ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ብትወጣ ፈረሱ ይበላታል፤ የጥቁሩ ጳጳስ ወደ ኤፍ5 መውጣት ከቻለም ኤች7 ጠባቂ ያገኛል። ይህን ሳያጣሩ ጳጳስን መስጠት ሽንፈቱን ከማፋጠን በቀር የማሸነፍ ዕድልን አይጨምርም። ሊወሰድ የሚገባው አደጋ ሁለቱንም ተጫዋቾች ከባድ ውሳኔ ውስጥ የሚያስገባ፣ ተጋጣሚው ትክክለኛውን ምላሽ ቢያገኝ እንኳ ጨዋታውን ለመቀጠል የሚያስችል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 በስፔኗ ሴቪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የማዕረጉ ባለቤት ካስፓሮቭ በተጋጣሚው በካርፖቭ 12 ለ11 እየተመራ ወደ መጨረሻው 24ኛ ጨዋታ ሲገባ ማሸነፍ ግድ ነበረበት። ከካርፖቭ የሚያንስ ተጫዋች ባይሆንም የገጠመው ችግር ተመሳሳይ ነበር፤ በነጭ መሣሪያዎች ጸጥ ያለ መክፈቻ መርጦ፣ መሣሪያዎቹን ሰሌዳው ላይ አቆይቶ ውጥረቱን አረዘመው። የካርፖቭ ሰዓት እያጠረ ሄደ፣ ካስፓሮቭም አሸንፎ፣ እኩል ውጤት ለማዕረጉ ባለቤት በቂ ስለነበር፣ በ12 ለ12 ክብሩን አስጠበቀ። ማሸነፍ ግድ የሆነበት ተጫዋች ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ማጥቃት አለበት የሚሉ ሰዎች ይህን ጨዋታ ደጋግመው ቢያዩት እመክራለሁ።

ተቃራኒው ስህተት አቻን በመለዋወጥ መፈለግ ነው። ከፍራቻ የተነሣ ንግሥቶቹን፣ ከዚያም ፈረሶቹንና ጳጳሶቹን እየተለዋወጡ ማለቅ ደኅንነት ይመስላል፤ ግን ጥቂት መሣሪያ በቀረበት የጨዋታ ፍጻሜ ላይ የተሻለው ተጫዋች ያለው ትዕግሥትና ዕውቀት ይበልጥ ይጎላል፣ ለመለዋወጥ ሲባል የሚሰጡት ትንሽ ቦታ ወይም የተዳከመ ወታደርም እዚያው ይወራረዳል።

ጥሩ መከላከል ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዮርክ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 2772 ሬቲንግ የነበረው ካርያኪን 2853 ከነበረው ሻምፒዮን ካርልሰን ጋር ሰባት ጨዋታዎችን በአቻ ጨርሶ፣ በስምንተኛው ካርልሰን በነጭ ድልን ለማስገደድ ከልክ በላይ ሲገፋ በጥቁር አሸነፈው። ካርልሰን አሥረኛውን አሸንፎ ነጥቡን እኩል ካደረገ በኋላ በመጨረሻ በፈጣን ጨዋታዎች ሻምፒዮንነቱን ቢያስጠብቅም፣ የማሸነፍ ግዴታ ያለበት እንዲያሸንፍ የሚጠበቀው ተጫዋች መሆኑ በግልጽ ታይቷል። እርስዎ ጸንተው ከቆዩ አደጋውን መውሰድ ያለበት እሱ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ የተሻለ አቋም ይዞ ስምን ፈርቶ አቻ መጠየቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ዕድሉ ወደ እርስዎ አዘንብሏልና የተጋጣሚው ሬቲንግ ለጥቂት ደቂቃዎች መረሳት ይኖርበታል።

አራተኛው ዘግይቶ መድፈር ነው። አቋምዎ እየተበላሸ ሲሄድ ጨዋታውን ማወሳሰብ የሚገባዎ ንግሥትዎና ፈረሶችዎ ገና ሰሌዳው ላይ ሳሉ ነው፤ ሁሉም ከተለዋወጠና ሁለት ወታደር ከተጓደለ በኋላ የሚሞክሩት ወጥመድ የሚይዘው ሰው እምብዛም አይገኝም።

የሰዓት አጠቃቀምም በዚሁ ሥር ይወድቃል። ተጋጣሚውን በመፍራት በመክፈቻው ላይ ግማሽ ሰዓቱን የሚጨርስ ተጫዋች፣ ከላይ እንዳልነው ያወሳሰበውን ጨዋታ በሚፈታበት ወሳኝ ሰዓት በየእርምጃው ሰከንድ እየቆጠረ መጫወት ይገደዳል። እዚያ ላይ ደግሞ አቋሞችን በቶሎ የሚያነበው የተሻለው ተጫዋች ነው። በሚያውቁት መክፈቻ በፍጥነት ተጫውተው ያተረፉትን ደቂቃ ሁለታችሁም ለመወሰን ለምትቸገሩበት እርምጃ ያስቀምጡት።